ለተማሪዎች ክበብ የኤልኢዲ ሰሌዳ እንዴት እንደሚታቀድ፦ ከዕቃው በፊት ፊደሉ

በየከተማው ፋርማሲና ሆቴል በር ላይ ቀይ ጽሑፍ የሚሮጥበትን ሰሌዳ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በደብረ ማርቆስ፣ በዳንግላ፣ በቡሬም ሆነ በሞጣ ያለ የትምህርት ቤት ክበብ ያንኑ በራሱ እጅ ሊሠራው ይችላል። ሰሌዳው የፈተና ሰዓት ይናገራል፣ ሰዓትና ቀን ያሳያል። ብዙ ክበብ ግን ሥራውን የሚጀምረው በዕቃ ግዢ ነው። እኔ ከባለ ካሬ ደብተር ጀምሩ እላለሁ። ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ምን እንደሚል ወስኑ

ሰሌዳው የሚያሳያቸውን ትክክለኛ ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ። «የ10ኛ ክፍል ሒሳብ ፈተና ሐሙስ 3 ሰዓት»፣ «ቤተ መጻሕፍት እስከ 11 ሰዓት ክፍት ነው» ዓይነት። ማን ያነበዋል? ከየት ቆሞ? ከበሩ ወይስ ከሜዳው? መልሱን ይዛችሁ ወደ ፊደሉ እለፉ።

ፊደሉን በካሬ ወረቀት ሳሉ

የፕሮጀክቱ ልብ እዚህ ነው። ገበያ ላይ ያሉት ትንንሽ ሰሌዳዎች ቁመታቸው 8 ነጥብ ነው፤ ነጥብ የምላችሁ አንዷን ትንሽ መብራት ነው። ለላቲን ፊደል ይበቃል። ለእኛ ግን አይበቃም። «ቢ» እግሯ ላይ ትንሽ ጭረት አላት፣ «ቤ» ደግሞ ቀለበት። ቀለበት መሃሉ ክፍት ሆኖ እንዲታይ ቢያንስ 3 በ3 ነጥብ ይፈልጋል። ከ8 ላይ 3 ሲሄድ ለፊደሉ አካል 5 ይቀራል። ያን ጊዜ «ቤት» እና «ቢት» አይለዩም። «ጨ» እና «ጬ» ላይማ ባይነሳ ይሻላል።

ስለዚህ ቁመቱን 16 ነጥብ አድርጉት። በባለ ካሬ ደብተር ላይ 16 በ16 ሳጥን እየከለላችሁ ፊደሎቹን በቀይ እስክሪብቶ ሙሉ። ቋሚ መስመሮቹን ሁለት ሁለት ካሬ አድርጓቸው፣ ከሩቅ ጎልተው ይታያሉ። መደበኛዎቹ 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው። በቡድን ከተከፋፈሉት ከባድ አይደለም።

ይህን ሥራ ለኤሌክትሮኒክስ ልጆች ብቻ አትተዉት። ጎጃም የዋሸራና የዲማ አገር ነው። በየክፍሉ የአብነት ትምህርት ቤት ደጅ የረገጠ፣ ቁም ጽሕፈት ያየ ልጅ አይጠፋም። የፊደል ቅርጽ የሚገባው እሱ ነውና የቡድኑ መሪ ቢሆን ደስ ይለኛል። ሲያልቅ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ሥራውን ያላየ ተማሪ ከሩቅ ያንብበው። የተሳሳተበትን ፊደል እንደገና ሳሉ። ወረቀት ላይ ማረም ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል።

ፓነል ምረጡ

16 ነጥብ ከተባለ ፒ10 የሚባለው ቀይ ፓነል ልክ ነው። አንዱ 32 በ16 ነጥብ ሲሆን ስፋቱ 32 ሳንቲሜትር፣ ቁመቱ 16 ሳንቲሜትር ነው። አራቱ ጎን ለጎን ሲሰለፉ 128 ነጥብ፣ 1 ሜትር ከ28 ይሆናሉ። ለአንድ ፊደል በአማካይ 12 ነጥብ ስፋት ብትሰጡት 10 ፊደል ያህል በአንድ ጊዜ ይታያል። የተረፈው እየሮጠ ያልፋል። ባለብዙ ቀለሙ ያምራል፣ ግን ዋጋውም ፕሮግራሙም ከበድ ይላል። ለመጀመሪያ ሥራ ቀይ ይሻላል።

መጀመሪያ አንድ ፓነልና አንድ አርዱዊኖ ኡኖ (ፓነሉን የሚያዝ፣ ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ካርድ) ብቻ ግዙ። እሱ ላይ ሲሠራላችሁ ነው ሌሎቹን መጨመር። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ለአንዲት ገመድ ተመልሶ መሄድ ያናድዳል። ዝርዝሩን ሙሉ አድርጉት፣ መለዋወጫም ያዙ።

ኃይሉን አስሉ

አንድ ፓነል ሙሉ በሙሉ ሲበራ በ5 ቮልት እስከ 4 አምፔር ሊወስድ ይችላል። ለአራት 16 አምፔር ማለት ነው። ስለዚህ ባለ 5 ቮልት፣ 20 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፓወር ሰፕላይ ፈልጉ። ፓነሎቹን ከአርዱዊኖው ኃይል ለመመገብ አትሞክሩ፣ አይችለውም። ከፓወር ሰፕላዩ ለእያንዳንዱ ፓነል ለየብቻ ወፈር ያለ አጭር ገመድ ሳቡ። የአርዱዊኖውና የፓነሎቹ ኔጌቲቭ መገናኘቱን እዩ። የ220 ቮልቱን ጎን ባለሙያ ያገናኝላችሁ፣ የመሬት ሽቦና ፊውዝ ይኑረው። ይህ ለድርድር አይቀርብም።

ፕሮግራሙ

ለፒ10 የተዘጋጀ ዲኤምዲ (DMD) የሚባል ነጻ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት የፕሮግራም ክፍል አለ። የኢትዮጵያ ፊደል ግን አብሮት ስለማይመጣ ወረቀቱ ላይ የሳላችሁት አሁን ይፈለጋል። የተቀለመ ካሬ 1፣ ባዶው 0 ነው። 8 ካሬ አንድ ባይት ስለሚሆን 16 በ16 የሆነ አንድ ፊደል 32 ባይት ይይዛል።

ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጡበት ዩኒኮድ የሚባለው ሥርዓት ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፊደላችንን በሥርዓት አስቀምጦታል። የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ 8 ቦታ ተሰጥቷል። «ቤ» 4708 ናት። 4608 ስትቀንሱ 100 ይቀራል፣ ስለዚህ ሥዕሏን የፊደሎቹ ሥዕል በተራ በሚቀመጥበት ሠንጠረዥ ውስጥ፣ ከ0 ሲቆጠር 100 ቁጥር ቦታ ላይ አስቀምጧት። እስከ «ፗ» ድረስ 344 ቦታ ያስፈልጋል፣ 11,008 ባይት። የኡኖ የፕሮግራም ማከማቻ 32 ኪሎ ባይት ስለሆነ ይበቃል። ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚጠቀምበት የሥራ ማስታወሻ (ራም) ግን 2 ኪሎ ባይት ብቻ ነው። ሠንጠረዡን ፕሮግሜም (PROGMEM) በሚባለው ትእዛዝ ማከማቻው ውስጥ ካላስቀመጣችሁት ፕሮግራሙ አይሠራም።

ለሰዓቱ ዲኤስ3231 የሚባለውን ቺፕ ጨምሩ። በትንሽ ባትሪ ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ አይጠፋም። ከሚሰጠው ሰዓት 6 ቀንሱ፣ የእኛ ሰዓት ይመጣል። ለቀኑ መስከረም 1ን 0 ብላችሁ ቁጠሩና ለ30 አካፍሉ። 95 ከሆነ 3 ደርሶ 5 ይተርፋል፤ ወሩም ቀኑም ከ0 ስለሚቆጠር (መስከረም 0) ይህ ታኅሣሥ 6 ነው። ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን እንደምትሆን አትርሱ።

መልእክት በስልክ ለመላክ ኤችሲ-05 ብሉቱዝ ይበቃል። አብሮት የሚመጣው የይለፍ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ 1234 ነው። በመጀመሪያው ቀን ቀይሩት፤ አለዚያ ማንም ሰሌዳው ላይ የፈለገውን ይጽፋል።

መስቀል

ክፈፉን ብየዳ ቤት በቱቦላሬ አሠሩት። የጎጃም ክረምት ቀላል አይደለም፣ ፓነሉ ፊቱ ውሃ ቢችል እንኳ ጀርባው አይችልም። ታዛ ሥር ስቀሉት፣ ጀርባውን በላሜራ ሸፍኑት፣ ከታች በኩል አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ተዉለት። ከመስቀላችሁ በፊት ግን ለጥቂት ቀናት ክፍል ውስጥ አብሩትና የገመዶቹን ማያያዣ በእጃችሁ ዳስሱ። የሚሞቅ ካለ ብሎኑ አልጠበቀም ወይም ገመዱ ቀጥኗል፤ መሰላል ሳትወጡ እዚያው አስተካክሉት።