ምሳ ዕቃችንን የነካው ማነው? ጓደኛሞች የክፍላቸውን ሚስጥር ሲፈቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አምስተኛ ክፍል ሳስተምር የልጆቹ ምሳ ዕቃ መነካት ጀመረ። ክፍሉ በሙሉ ጣቱን የቀሰረው አንድ ልጅ ላይ ነው፤ ትንንሾቹን እየገፈተረ ያላቸውን የሚቀማው ጉልበተኛ ላይ። ነገሩን የፈቱት ሦስት ጓደኛሞች ናቸው፤ ግን እነሱም እኔም መንገድ ላይ ብዙ አጥፍተናል።

ከስም መጀመር

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ መጀመሪያ "እሱ ነው" ማለት፣ ከዚያ ማስረጃ መፈለግ። ድሮ በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ክፍል ውስጥም ጥርጣሬ የሚወድቀው የተጠላው ልጅ ደጃፍ ላይ ነው።

ሦስቱን ከዚህ ያወጣቸው ምሳ ዕቃውን ራሱን ማየታቸው ነው። እንጀራው የተቆረሰው ከዳሩ ብቻ ነው። የተረፈው ተመልሶ ተጠቅልሏል፤ ወጡ አልተዝረከረከም፤ ክዳኑም ግጥም ብሎ ተዘግቷል። በዚያው ቀን ሌሎች ሦስት ምሳ ዕቃዎችም እንዲሁ ትንሽ ትንሽ ጎድለው ተገኙ። "እሱ ቢሆን አንዱን ጥርግ አድርጎ ነበር የሚበላው" አለች አንዷ። ልክ ነበረች። ይህ የራበውና የሚሳቀቅ ልጅ እጅ ነው።

ሁሉንም አግቶ መጠየቅ

ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ከትምህርት በኋላ በሩን ዘግቼ "ያየ ሳይናገር ማንም ቤቱ አይሄድም" አልኩ። አውጫጭኝ መሆኑ ነው፤ አገሬው ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ እንደማይበተነው። እዚያ ግን ሽማግሌና መሐላ ነበር። እኔ ያተረፍኩት ዝምታ ነው፤ ጉልበተኛው እዚያው ተቀምጦ ማን ይናገራል? በማግስቱ ደብተር እያረምኩ አንድ በአንድ ሳናግራቸው ግን "ቲቸር፣ እሱ በስፖርት ሰዓት ከእኛ ጋ ሜዳ ላይ ነው" ያሉኝ ሁለት ልጆች ነበሩ።

ቦርሳ መበርበር

ከሦስቱ አንዱ ትዕግሥት አጥቶ የጉልበተኛውን ቦርሳ በረበረ። ምንም አላገኘም፤ ልጁ ደረሰበትና ከንፈሩን አደማው። የሰው ቦርሳ አይነካም፤ ጉልበተኛንም ለብቻ ሄዶ መጋፈጥ አያስፈልግም። የሚበጀው ያዩትን መጻፍ ነው። በኋላ በአንድ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ቀኑን፣ ክፍለ ጊዜውንና ሌሎቹ ሲወጡ ክፍል ውስጥ የቀረውን መዘገቡ። ምሳ የሚነካው ሰኞና ሐሙስ፣ ስፖርት ባለበት ቀን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱንም ቀን ሆዱን እንዳመመው ተናግሮ ክፍል ውስጥ የሚቀር አንድ ዝምተኛ ልጅ ነበር።

"አሳባቂ" መባልን መፍራት

ደብተሩን ሳያሳዩኝ አንድ ሳምንት የቆዩት በዚህ ነው። ሕፃን የሚራብበትንና የሚመታበትን ነገር ለመምህር መንገር ማሳበቅ አይደለም። ይህን አስቀድመን ልንነግራቸው የሚገባን እኛ ነን።

ሌባው ተገኘ ብሎ መዝጋት

ዝምተኛውን ብቻውን ጠርቼ "ያንተ ምሳስ?" አልኩት። አለቀሰ። ጉልበተኛው ጠዋት ጠዋት ከበር ላይ እየጠበቀ ምሳውን ይቀማዋል። እዚያ ላይ ብናቆም ኖሮ የተራበውን ቀጥተን የቀማውን ነፃ እንለቅ ነበር። ልጁን ክፍሉ ፊት አላቆምኩትም፤ ለሦስቱም ስሙ ከእነሱ እንዳይወጣ ነገርኳቸው፤ አልወጣም።

"ጉልበተኛውን ግረፈው" ያሉኝ ባልደረቦች ነበሩ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የተጠበቁ መሆናቸውን ይደነግጋል፤ ባይደነግግም ዱላ ሌላ ዱላ ከማስተማር አያልፍም። እናቱን አስጠራሁ፤ የቀማውን ምሳ ራሱ እንዲመልስ ተስማማን። ሁለት ሳምንት ከቤቱ ትርፍ ምሳ እየያዘ መጣ። እኔም እስከ ሰኔ ድረስ ጠዋት ጠዋት በር ላይ እየቆምኩ ልጆቹን አስገባ ነበር።