አዲስ ገቢዎች ደብረ ብርሃን ላይ የሚሠሯቸው ስህተቶች

ወደ ደብረ ብርሃን ልገባ ስል ሁሉም ሰው ያወራልኝ ስለ ብርዱ ነበር። ስለ ፀሐይዋ የነገረኝ አንድም ሰው የለም። ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

ትልቁ ስህተት ብርድ ፈርቶ ቤት መቀመጥ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፤ ማለዳ ሣሩ ነጭ ለብሶ ስትረግጡት ከእግራችሁ ሥር ይንኮሻኮሻል። ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ቀኑም ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋል። የብሎኬት ቤት ደግሞ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ይዞ ይውላል። እኔ የመጀመሪያውን ወር ሁለት ሹራብ ደርቤ ሳሎን ውስጥ ስንቀጠቀጥ ከረምኩ። አንድ ቀን አከራዬ ምስር በሰፌድ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። «አንቺ ልጅ፣ ፀሐይ እያለችልሽ ምን ቤት አስቀመጠሽ? ነይ እንጂ ውጪ!» ግድግዳውን ተደግፈን ምስር ለቀምን። ምስሩ ሳያልቅ ሹራቦቹን አወለቅኳቸው። ከዚያ ወዲህ ቡናም የሚፈላው ደጅ ነው።

በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ደግሞ ሰው ይገድላል። ፍሙ ቢቀላም፣ ጭሱ ባይታይም መርዙ አለ። እባካችሁ፣ መኝታ ቤት ከሰል አታስገቡ። ለሌሊቱ የመንዝ ባና ግዙ፤ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ ነው፣ ይከብዳል፣ ግን ያሞቃል።

ፀሐይዋንም አትናቋት። ከተማዋ ያለችው 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዛችሁ መቃጠላችሁ አይታወቃችሁም፤ ማታ አፍንጫችሁ ተልጦ ታገኙታላችሁ። ኮፍያ አድርጉ፣ ከንፈራችሁን ቅባት ቀቡ።

በመጡበት ሳምንት ዳገት መሮጥም አያዋጣም፣ አየሩ ስስ ነው። መጀመሪያ ሜዳውን በእግር ልመዱት።

ከደብረ ሲና በላይ ወዳለው ገደል አፋፍ፣ ወደ ጣርማ በር ስትሄዱ ግን ሁለት ነገር አደራ። አንደኛው ጉሙ ነው። ከቆላው የሚመጣው እርጥብ አየር ገደሉን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። አሁን ደብረ ሲናን ቁልቁል እያያችሁ ሳለ ከአፍታ በኋላ የገዛ እጃችሁ ሊጠፋባችሁ ይችላል። ያኔ ለፎቶ ብላችሁ ወደ ጫፉ አንድ እርምጃ እንኳ አትጠጉ፤ ባላችሁበት ቁጭ በሉ።

ሁለተኛው ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ዳቦ አለማብላት ነው። ጭላዳ ሣር በል ነው፣ ከኢትዮጵያ ውጪም በዱር አይገኝም። ከመኪና መስኮት ዳቦ ሲወረወርለት ግን አስፋልት ዳር ቆሞ መጠበቅ ይለምዳል፣ ግልገሎቹም ጎማ ሥር ይገባሉ። ራቅ ብላችሁ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ትንሽ ከቆያችሁ መንጋው ይረሳችኋል። ያኔ በጣቶቻቸው ሣሩን ቆንጠር ቆንጠር እያደረጉ ሲነጩ፣ ጭጭ ካላችሁ ድምፁ ይሰማችኋል።