ከተማ መሃል ባለ ካቶሊክ ገዳም ሱባኤ ስትገቡ እነዚህን አትሳሳቱ

ካቶሊክ ገዳም ሲባል ብዙዎቻችን ተራራ ነው የሚታየን፣ ግን ከተማ መሃል ሆነው ለሱባኤ እንግዳ የሚያሳድሩም አሉ፣ ጣጣውም እዛው ነው፣ ከተማው በር ላይ ነው ያለው።

ዋናው ስህተት ገዳሙን እንደ ርካሽ ሆቴል መያዝ ነው። ቀኑን ሙሉ ከተማ ሲዞሩ ውሎ፣ ራት ውጪ በልቶ፣ አምሽቶ መጥቶ በር መደወል። ብዙ ቦታ ከመኝታ ጸሎት በኋላ በሩ ይዘጋል፣ እስከ ጠዋትም ጸጥታ ነው። ቅዱስ ቤኔዲክቶስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ለመነኮሳት የጻፈው ሥርዓት ምዕራፍ 42 ላይ ከዛ ጸሎት በኋላ ማውራት ይከለክላል፣ ከሚፈቅዳቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ የእንግዳ ጉዳይ ነው። እና ለናንተ የተተወችውን ፈቃድ ቁልፍ ረሳሁ እያላችሁ አትጨርሷት።

ኮሪደር ላይ ያገኛችሁት መነኩሴ ሰላም ብሎ ዝም ብሎ ካለፈ ደሞ አኩርፎ አይደለም። እንግዳን እንደ ክርስቶስ ተቀበሉ የሚለው የዛው ሥርዓት ምዕራፍ 53 ራሱ፣ ለእንግዳ ያልተመደበ ወንድም ሰላምታ ሰጥቶ ይለፍ፣ ማውራት አልተፈቀደለትም ይላል። የምር የሚያናግራችሁ ሰው ከፈለጋችሁ ለእንግዳ ተቀባዩ ንገሩት።

ጸሎት ላይ ድምፅ ለቆ መዘመርም አለ። መዝሙረ ዳዊቱን በሁለት ወገን እየተቀባበሉ ነው የሚሉት፣ በየጥቅሱ መሃል፣ መጽሐፉ ላይ ኮከብ ምልክት ያለባት ጋ ትንሽ ቆም ይላሉ፣ አዲስ ሰው እዛች ላይ ሳይቆም ድምፁ ብቻውን ይቀራል። መጀመሪያ ስሙ፣ ከዛ በቀስታ ግቡ።

ቁርባን፦ ካቶሊክ ካልሆናችሁ፣ አስተናግደውናል ብላችሁ ተሰልፋችሁ አትቀበሉ፣ ግራ ከገባችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ጫጫታ የለም ብሎ መጠበቅ ሌላው ነው። አምቡላንሱም ሞተሩም ይሰማል፣ የጆሮ መድፈኛ ያዙ። ደሞ ሁሉም መነኩሴ ከተማ ሸሽቶ አይደለም፣ በ1975 ፓሪስ የተመሠረቱት የኢየሩሳሌም ገዳማዊ ማኅበራት አባላት ግማሽ ቀን ከተማው ውስጥ ተቀጥረው ይሠራሉ፣ የቀረውን ይጸልያሉ፣ ከተማው ራሱ በረሃቸው ነው። እናንተም ላፕቶፑን ቤት ትታችሁ ኑ፣ ሳይረን ሳይሆን ኢሜይል ነው ሱባኤ የሚያፈርሰው።

ለሌሊት ጸሎት ተራ ከተመዘገባችሁ ግን በምንም ተአምር ተኝታችሁ እንዳትቀሩ። ፓሪስ ሞንማርት ላይ ያለው የቅዱስ ልብ ባዚሊካ ከ1885 ጀምሮ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ በቅዱስ ቁርባኑ ፊት ይጸለይበታል፣ ሌሊቱን የሚይዙት ተመዝግበው እዛው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። ካልተነሳችሁ ከናንተ በፊት ያለው ሰው ተራውን ለማን ይልቀቅ?

ክፍያው የፈቃድ መዋጮ ነው ካሏችሁ ነፃ ማለት አይደለም፣ መብራቱንም ምግቡንም የሚከፍል ሰው አለ። ብር ካጠራችሁ ክፍል ስትይዙ በግልጽ ንገሯቸው፣ መቅረት ካለባችሁም ቀድማችሁ ደውሉ፣ አልጋውን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ይኖራል።