ቤዝ የጠፋባቸው ትንንሽ ስፒከሮች፦ ችግሩ ሽቦው ላይ ነበር

ለአንድ ሙዚቃ ወዳድ ጓደኛ የተመረጠው ርካሽ ጥንድ ስፒከር የከበሮውንና የቤዝ ጊታሩን ድምፅ አቅጥኖት ነበር፤ የዘፋኙም ድምፅ ከመሃል አይመጣም። ምክንያቱ፦ የአንደኛው ስፒከር ቀይና ጥቁር ሽቦ ተገላብጦ ታስሯል። የአንዱ ስፒከር ኮን (እየተንቀሳቀሰ ድምፅ የሚፈጥረው ሾጣጣ ክፍል) ሲገፋ የሌላው ስለሚስብ ወፍራሙ ድምፅ፣ ማለትም ቤዙ፣ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። (ሰብዉፈር፣ ማለትም ለቤዝ ብቻ የሚሆን ስፒከር፣ ለመግዛት አትሩጡ።)

አምፕሊፋየሩን (የድምፅ ማጉያውን) አጥፍታችሁ ሽቦውን ከስፒከሩ ንቀሉ። የ1.5 ቮልት ባትሪን ፖዘቲቭ ከቀዩ፣ ኔጌቲቭ ከጥቁሩ መግቢያ ጋር ለቅጽበት አነካኩ፤ የሁለቱም ትልቁ ኮን ወደ ውጭ መውጣት አለበት። አንዱ ወደ ውስጥ ከገባ ስህተቱ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ሁለቱም ከወጡ ከአምፕሊፋየሩ የሚመጣውን ሽቦ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር አስተካክላችሁ እሰሩ።

ያገለገለ ስትገዙም ይህቺ ባትሪ ኪሳችሁ ትኑር። የኮኑ ዙሪያ ስፖንጅ ከተሰነጠቀ ግን ቢረክስም ተዉት።