ሰሊጥ አጨዳ ስትወርዱ ለእባብ የሚያጋልጡ ስህተቶች

መተማና ሁመራ ሰሊጥ ሲደርስ ከደጋ ስንቱ ወጣት ይወርዳል። ስለ ወባው ሁሉም ያስጠነቅቃል። ስለ እባቡ ግን የሚነግራችሁ ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት በነጠላ ጫማ ማሳ መግባት ነው። ሙቀቱ ከባድ መሆኑ ይገባኛል፤ ግን እባብ በብዛት የሚነድፈው እግር ነው። ቦት ካልተገኘ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማና ሰፋ ያለ ረጅም ሱሪ ልበሱ።

ሁለተኛው፣ ዓይን ያላየው ቦታ እጅ መስደድ። ታጭዶ የተቀመጠ ነዶ ጥላ አለው፣ አይጥ ይገባበታል፣ እባቡም አይጧን ብሎ ይመጣል። ስለዚህ ነዶውን ዘላችሁ አትቀፉት። መጀመሪያ በረጅም ዱላ ገልበጥ አድርጉትና እዩ፣ ከዚያ አንሱ።

«እባብ ኮቴ ሲሰማ ይሸሻል» የሚሉት ነገርም አለ። ለብዙዎቹ እውነት ነው። እፉኝት ግን አጭርና ወፍራም ናት፣ ከደረቅ ሳር ጋር ተመሳስላ ንቅንቅ ሳትል ትተኛለች፣ የምታውቋት ከረገጣችኋት በኋላ ነው። ማታ ለሽንት ስትወጡ ባትሪ ያዙ። መሬት ላይ ከመተኛት ደግሞ ቆጥ ነገር ሥሩ፤ ለወባ የተሰጣችሁን አጎበር ጠርዙን ፍራሽ ስር ወትፉት፣ ለሁለቱም ይሆናል።

ገድሎ ለሐኪም ለማሳየት መሯሯጥስ? ሁለተኛ ሰው ማስነደፍ ነው። የተቆረጠ ራስ እንኳ ይነክሳል። ከሩቅ ፎቶ ካነሳችሁ በቂ ነው፣ ካልሆነም ይቅር።

ትልቁ ጥፋት ግን ከተነደፉ በኋላ የሚሠራው ነው። በገመድ ጥፍር አድርጎ ማሰር፣ በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ መርዝ ይስባል የሚባለውን ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ። የእፉኝት መርዝ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ በምላጭ የከፈታችሁት ቁስል አልቆም ይላችኋል፣ የታሰረው እግርም ደም አጥቶ ሊበላሽ ይችላል። ቀለበትና አምባር ሳያብጥ አውልቁ፣ እግሩን አታንቀሳቅሱ፣ ሰውየውን ተሸክማችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። ለሕመሙ አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ አትስጡ፣ መድማቱን ያባብሳሉ። መርዝ የሚተፋ እባብም አለ፤ ዓይን ላይ ከተፋ ማሸት የለም፣ በብዙ ውሃ ማጠብ ነው።

«ደህና ነኝ፣ ቀለል ብሎኛል» ቢልም አትስሙት። መድማቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ሐኪም ቤት ትንሽ ደም በብርጭቆ ቱቦ ቀድተው 20 ደቂቃ ሳይነካ ያስቀምጡታል፤ ዘንበል ሲያደርጉት እንደ ውሃ ከፈሰሰ መርዙ ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው።

ፀረ መርዙ ደግሞ ሁሉም ጤና ጣቢያ አይገኝም። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የትኛው ሆስፒታል ውስጥ እንዳለ አጣሩ፤ አሠሪውንም «ሰው ቢነደፍ መኪናው ከየት ነው?» ብላችሁ ያኔውኑ ጠይቁት።