የድምፃዊ አድናቂዎች ግሩፕ ለምትመሩ፦ እኛ የሠራናቸውን ስህተቶች አትድገሙ

«1933 – 2009። በ76 ዓመቱ አረፈ።»

የጥላሁን ገሠሠን ሙት ዓመት ለማሰብ በመጀመሪያው የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ የሰቀልነው ፖስተር እንዲህ ይላል። ፎቶው ግሩም፣ ፊደሉ ወርቃማ፣ ስሌቱ ግን ጉድ ነው። ጥላሁን የተወለደው መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው፤ በ68 ዓመቱ። 2009 የፈረንጆቹ ነው። ልደቱን ከእኛ፣ ሞቱን ከእነሱ አቆጣጠር ወስደን ስምንት ዓመት መረቅንለት። ፖስተሩ ዛሬም ፒን እንደተደረገ አለ። ለምን እንዳልወረደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ዓመት ስትጽፉ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳትሉ አትለፉ። የጥላሁን ነገር ደግሞ ሌላም ጣጣ አለው፤ በመስቀል ቀን ተወልዶ በፋሲካ ዕለት ነው ያረፈው። መስቀል ቀኑን አይለቅም፣ ፋሲካ ግን ይዞራል። ገሚሱ አባል በፋሲካ፣ ገሚሱ በሚያዝያ 11 ሻማ ሲለጥፍ «እናንተ ረስታችሁታል» እየተባባለ ተኮራረፈ። አንዱን ቁረጡና ቀድማችሁ አስታውቁ።

የሚያውቀውን ሰው ማባረር

ይሄኛው አሁንም ያሳፍረኛል። በሁለተኛው ግሩፓችን ልጆች የማይረባ ቮይስ እየላኩ ሲያስቸግሩን ቮይስ የሚያጠፋ ቦት አስገባን። ግሩፑ ጸጥ አለ፤ እኛም ደስ አለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ አባል ወጡ። በወጣትነታቸው ፒያሳ ሙዚቃ ቤት ሸክላ ሲሸጡ የኖሩ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው ናቸው። ደወልኩላቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ» አሉኝ፣ «ያ ማሽናችሁ አላናግር አለኝ። በጣቴ መጻፍ አልችልም፤ በአፌ ስናገር ይሰርዘዋል።»

ለካስ አራት ጊዜ ሞክረዋል። እኛ «የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ቅጂ» ብለን የለጠፍነው ዘፈን ኋላ በካሴት የወጣው መሆኑን ሊነግሩን ነበር። «ሳክስፎኑን አዳምጡት እንጂ! ሰው ስሙን በድምፁ ይናገራል» አሉኝ። ጥላሁን በሀገር ፍቅር ቴአትር ጀምሮ ወደ ክብር ዘበኛ የተሻገረ፣ ከዚያ ወዲህም ከስንት ባንድ ጋር የተጫወተ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነቱን ጉዳይ ጉግል አይፈታውም፤ የሚፈታው የጋሼ ጆሮ ነው። ቦቱን በዚያው ማታ አነሳነው። አሁን ቮይሳቸውን አንዲት አባል ቃል በቃል ትጽፈዋለች፤ የተናገሩበትን ቀን ጨምራ ታስቀምጠዋለች። በግሩፑ ካለን ሁሉ የምሳሳለት እሱ ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ልጨምር፦ ዘፈን ስትለጥፉ የግጥሙን፣ የዜማውንና የቅንብሩን ባለቤት ጻፉ። «የጥላሁን ዘፈን» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ የገጣሚው ልጅ ግሩፑ ውስጥ ሆና ስታነብ ግን ቀላል አይደለም። ካላወቃችሁ ክፍት ተዉት፤ ጋሼዎቹ ይሞሉታል።

«ማን ይበልጣል?»

ግሩፕ ሲቀዘቅዝ የሚመጣ ፈተና ነው። «ጥላሁን ወይስ ማህሙድ?» ብለን ድምፅ አሰጠን። ሁለቱም በክብር ዘበኛ ያለፉ፣ አንዱ የሌላውን ቦታ የማይሻማ ሰዎች መሆናቸውን ማን ያስታውስ! አንድ ሰዓት ሳይሞላ ዘፈኑ ቀርቶ ዘር ቆጠራ ተጀመረ። ጥላሁን በአማርኛም በኦሮምኛም ያቀነቀነ ሰው ነው፤ እኛ ግን በስሙ ግሩፕ ከፍተን «የኛ ነው፣ የናንተ አይደለም» መባባል ያዝን። ስድቡን ማጥፋት ሦስት ቀን ፈጀብን። ቴሌግራም አንድ ሰው በተከታታይ እንዳይጽፍ እስከ አንድ ሰዓት የሚያስጠብቅ ማስተካከያ አለው፤ ያን ቀን ባበራነው ኖሮ ግማሹ ይበርድ ነበር። ከዚያ ወዲህ «መጀመሪያ የሰማችሁት የት ነው?» ብለን ብቻ እንጠይቃለን። አንዷ «አባቴ ጢሙን ሲላጭ» ብላ ጻፈች። ያን ሌሊት ማንም አልተሰዳደበም።

«አርፏል፣ ማን ይጠይቀናል?»

ይጠየቃል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው በሕይወቱ ዘመንና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት መብቱን ይጠብቃል፤ ከዘፋኙ ሌላ ገጣሚ፣ የዜማ ደራሲ፣ አሳታሚ አለ። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ ከደረሳችሁ ቻናሉ ይዘጋል። የካሴት ሙሉ ቅጂ ከመጫን ይልቅ በባለመብቱ ቻናል ላይ ያለውን ሊንክ ለጥፉ።

«ከምሽቱ 2 ሰዓት»

በየትኛው ሰዓት? የሚያዝያ ዝግጅታችንን በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት አልን። ያ በዋሽንግተን የፈረንጅ አቆጣጠር ከቀኑ 1 ሰዓት መሆኑ ነው። እዚያ ያለ አባላችን ልክ በ2 ሰዓት በራሱ ሰዓት ከተፍ ሲል እኛ «ደህና እደሩ» እየተባባልን ነበር። የሁለቱንም ከተማ ሰዓት ጻፉ፤ ክረምት ሲገባባቸው ልዩነቱ ከ7 ወደ 8 እንደሚሄድም አትርሱ።

ቁልፉን ለአንድ ሰው መስጠት

አሁን ወደ ፖስተሩ ልመለስ። የመጀመሪያውን ግሩፕ የከፈተው ጓደኛችን ብቸኛው አድሚን ነበር። ስልኩ ጠፋ፣ ሲሙን ሳያወጣ ቆየ፣ የባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን የይለፍ ቃልም ረሳው። ረዳት አልሾመም ነበር። ባለቤትነት ማስተላለፍም የሚቻለው ያንኑ የይለፍ ቃል ይዞ ነው። ስለዚህ ሌላ ግሩፕ ከፍተን አባላቱን አንድ በአንድ ጠራን፤ ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ። አሁን ሦስት አድሚኖች ነን፤ አንዷ የምትኖረው ዱባይ ነው፤ አንዱ ስልክ ቢጠፋ ሁለቱ ይቀራሉ።

አሮጌውን ግሩፕ አልፎ አልፎ ገብቼ አየዋለሁ። ማንም አይቆጣጠረውም፤ ጫማና የፀጉር ቅባት ይሸጥበታል። ከሁሉም በላይ፣ ከአናቱ ላይ፣ ጥላሁን በወርቃማ ፊደል 76 ዓመት እንደሆነው አለ።