ተከራይ ሲወጣ የአከራዩን ሶፋ አይወስድም

አንኢንስቶለር (ፕሮግራምን ከኮምፒውተር የሚያጠፋ መሣሪያ) በደንብ መሥራት የተማርኩት ካፈርኩ በኋላ ነው። መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ለሚሸጥ ደንበኛዬ የዕቃና የዱቤ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርቼለት ነበር። አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍበት ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና ሊጭነው ፈለገ። አጠፋው። የሁለት ዓመት ዱቤም አብሮ ሄደ። ደወለልኝና «ልጄ፣ ማን ስንት እንዳለበት አሁን ማንን ልጠይቅ?» አለኝ። ምን ልበለው?

ጥፋቱ የኔው ነው። ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊኑክስ የሚሆን ኢንስቶለር (ፕሮግራሙን የሚጭነውን ፋይል) የማዘጋጀው በኪውት ኢንስቶለር ፍሬምወርክ ነው። ከፕሮግራሙ ጋር «ሜንተናንስ ቱል» የሚባል ማጥፊያ አብሮ ያስቀምጣል። ይሄ ማጥፊያ ካልከለከሉት በስተቀር የተጫነበትን ፎልደር ከነምናምኑ ነው የሚያነሳው። እኔ ደግሞ ዱቤው የተመዘገበበትን ዳታቤዝ እዚያው ፎልደር ውስጥ ወሽቄዋለሁ!

ስለዚህ መጀመሪያ የደንበኛውን ዳታ ከፕሮግራሙ ፎልደር አውጡት። ዊንዶውስ ላይ አፕዳታ ውስጥ፣ ማክ ላይ ላይብረሪ ሥር ባለው አፕሊኬሽን ሰፖርት ውስጥ፣ ሊኑክስ ላይ በተጠቃሚው ሆም ሥር ባለው «ሎካል» የሚባል የተደበቀ ፎልደር፣ «ሼር» ውስጥ ይቀመጥ። ቀጥሎ የኢንስቶለሩን ኮንፊግ (የቅንብር) ፋይል ክፈቱና «ሪሙቭ ታርጌት ዲር» (የተጫነበትን ፎልደር አጥፋ) የሚለውን ፎልስ፣ ማለትም «አይሁን»፣ አድርጉት። ያኔ ራሱ ያስገባቸውን ፋይሎች ብቻ ለቅሞ ይወጣል።

«ዳታውም ይጥፋ?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው። ግን ምርጫው ቀድሞ «አይጥፋ» ላይ ይቀመጥ። ሰው ሳያነብ ነው ኔክስት፣ ኔክስት የሚለው። እኔም እንደዛው ነኝ።

ፕሮግራሙ ክፍት ከሆነ ዊንዶውስ ፋይሉን አላስነካም ይላል፤ ማጥፊያው መጀመሪያ ይዝጋው። ማክ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው አፑን ጎትቶ ትራሽ ውስጥ ነው የሚጥለው። የለፋችሁበት ማጥፊያ ጨርሶ አይነሳም። ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ የሚነሳ ነገር ካስገባችሁ እዚያው ቀርቶ ይከርማል፤ የግድ ካልሆነ አታስገቡ።

ሙከራውን በራሳችሁ ኮምፒውተር ሳይሆን በቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር በሚሠራ ፕሮግራም) አድርጉት። ከመጫናችሁ በፊት የፋይሎቹን ዝርዝር ያዙ፤ ካጠፋችሁ በኋላ ደግማችሁ አውጡና አስተያዩ። ከዚያ የኔን ፈተና ጨምሩ፦ ፕሮግራሙ የተጫነበት ፎልደር ውስጥ «የሰው ዕቃ» የሚል የጽሑፍ ፋይል አስቀምጡና ፕሮግራሙን አጥፉ። ፋይሉ ከሌለ ኢንስቶለሩን ለማንም እንዳትሰጡ።

ነጋዴው አሁንም ደንበኛዬ ነው። ዱቤውን ግን ደብተር ላይም ይጽፋል።